ማሽላና የዱር ዘመዶቹ

(በማኅበራችን የ25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ በግብርናና በዕፅዋት ሙያ በተሰማሩ አባላት የቀረበ ንግግር)





 የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ለቤተሰብ የሚሆን፣ ከአገራችንም ከምንኖርበት ምሥራቅ አፍሪካም ጋር የሚገናኝ አንድ ርእስ እንድናቀርብ በጠየቀን ጊዜ ብዙ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ስለ ቡና ይሁን ተባለ፤ ስለ ጤፍ ይሁን ተባለ። በመጨረሻ የተስማማነው በማሽላ ነው። ቡናና ጤፍ የሚያመሰግናቸው አላጡም። ማሽላ ግን ከቀይ ባሕር እስከ ታንዛንያ ድረስ ያለውን ሕዝብ ሁሉ የሚመግብ ሆኖ ሳለ ስሙ በየመድረኩ ብዙም አይነሣም። ከዚህም ሌላ ማሽላ ሊቃውንቱን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያከራከረ ጥያቄ ይዟል። ይኸውም፦ እህሉ የሚያበቃው፣ የዱሩ ሣር የሚጀምረው የት ላይ ነው? የሚል ነው።

ጽሑፉን በጋራ ስላዘጋጀነው «እኛ» እያልን እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ እህል፣ ብዙ ስም

እዚህ ናይሮቢ ገበያ ወጥቶ «ምታማ» ብሎ የጠየቀ ሰው የሚሰፈርለት እህልና በወሎ ቆላ «ማሽላ» የሚባለው አንድ ነው። ትግርኛ ተናጋሪው መሸላ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው ቢሺንጋ ወይም ሚሺንጋ፣ ሱዳናዊው ዱራ ይለዋል። በእኛ ቤት እንጀራ፣ ቂጣ፣ ገንፎ፣ ንፍሮና ቆሎ ይሆናል፤ ዘንጋዳ የሚባለው ቀላ ያለው ዓይነት ለጠላ ይመረጣል። በኮንሶ ጨቃ የሚባለው መጠጥ፣ በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ ቡሼራ የሚባለው መጠጥ ከዚሁ እህል ይዘጋጃሉ። አገዳው ለከብት መኖ፣ ለማገዶ፣ ለቤትና ለአጥር ይውላል። ልጆች ሆነን እንደ ሸንኮራ የመጠጥነው ጥንቅሽም ሌላ ተክል አይደለም፤ አገዳው ጣፋጭ የሆነ ማሽላ ነው።

ማሽላ እንደ ጤፍ፣ እንደ ስንዴና እንደ ገብስ ሁሉ በሣር ቤተሰብ ውስጥ የሚቆጠር ነው። ሰው ሳያለምደው በፊት የዱር ሣር ነበር። ይህ የዱር ሣር ዛሬም አልጠፋም። በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛንያ በየመንገዱ ዳር፣ በየወንዙ ዳርቻና በየማሳው ውስጥ ይገኛል።

ማሽላ የት እንደ ለመደ ለማወቅ ብዙ ተደክሟል። በ2017 የታተመ ጥናት ከምሥራቅ ሱዳን፣ ከካሳላ አካባቢ የተገኙ የሸክላ ስባሪዎችን መርምሮ ነበር። ሸክላ ሠሪዎቹ ጭቃው ላይ ገለባ ይቀላቅሉ ስለነበር የማሽላው ቅርጽ ጭቃው ላይ ታትሞ ቀርቷል። ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት አራተኛው ሺህ ዓመት ነው። ልብ በሉ፦ በዚያ ሸክላ ላይ የተገኘው አሻራ የለመደው ማሽላ ብቻ አይደለም፤ የዱሩም አብሮ አለ። ሁለቱ ከአምስት ሺህ ዓመት በፊትም በአንድ ማሳ ጎን ለጎን ነበሩ ማለት ነው።

ማሳው ውስጥ ያለው ዘመድ

ስንዴና እንክርዳድ እስኪያሸቱ ድረስ እንደማይለዩ ከወንጌሉ ምሳሌ ሁላችንም እናውቃለን። የደጋ ገበሬም ገብሱ ውስጥ ሲናር ሲገባበት የሚቸገረው በዚሁ ምክንያት ነው። የዱር ማሽላ ነገር ግን ከእነዚህ ይብሳል። እንክርዳድ የስንዴ የቅርብ ዘመድ አይደለም፤ መልኩን ብቻ ነው የመሰለው። የዱር ማሽላ ግን የማሽላ የቅርብ ሥጋ ዘመድ ነው።

ቡቃያው ሳለ ባለሙያም አይለየውም። ዛላ ሲያወጣ ልዩነቱ ይታያል። የለመደው ማሽላ ዛላ ብዙ ጊዜ ወፍራምና የተሞላ ነው፤ ፍሬው ትልቅ ነው፤ ገበሬው አጭዶ እስኪወቃው ድረስም ከዛላው አይለቅም። የዱሩ ዛላ የተበታተነና ቀጭን ነው፤ ፍሬው ትንሽ ሆኖ በጠቆረ ቅርፊት የተሸፈነ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሲበስል በራሱ ጊዜ ይረግፋል። ገበሬው ማጭድ ይዞ ሲደርስ የዱሩ ዘር መሬት ላይ ተዘርቶ አልቋል።

ለአንድ የዱር ሣር መርገፍ ሕይወቱ ነው፤ ካልረገፈ አይዘራም። ለሰው ደግሞ መርገፍ ረኀብ ነው። ስለሆነም የጥንት እናቶቻችንና አባቶቻችን ሳይረግፍ የቆየውን ዛላ እየሰበሰቡ፣ ከእሱም ዘር እየያዙ፣ በብዙ ትውልድ የማይረግፈውን አበዙት። በ2012 ይፋ የሆነ ጥናት ይህን የመርገፍ ባሕርይ የሚወስነውን ጂን በማሽላ ውስጥ ለይቶ አሳይቷል። ጂኑ በለመደው ማሽላ ውስጥ የተበላሸው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም፤ በሦስት የተለያዩ መንገዶች ነው። የማይረግፍ ማሽላ የተመረጠው ከአንድ ጊዜ በላይ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ማሽላ በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል ነው፤ ነገር ግን ከፊሉ አበባ ከጎረቤት በነፋስ የመጣ ብናኝ ይቀበላል። ዛላው የተበታተነ ሲሆን ይበልጥ ይቀበላል። የዱሩም የለመደውም ሃያ ሃያ ክሮሞዞም ስላላቸው ልጃቸው መካን አይሆንም። ይወልዳል፤ የልጅ ልጅም ያያል።

ልጁ ምን ይመስላል? ቁመቱም፣ ዛላውም፣ ፍሬውም መሐል ላይ ይሆናል። አንድ ነገር ግን መሐል ላይ አይሆንም፤ የመጀመሪያው ትውልድ ይረግፋል። የመርገፍ ባሕርይ ካለመርገፍ ይበረታልና። አባቶቻችን «ዘር ከልጓም ይስባል» ያሉት እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ብዙ ገበሬ «ባለፈው ዓመት ነቅዬ ጨርሼው ነበር፤ ዘንድሮ ከየት መጣብኝ?» ይላል። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ አምና የረገፈው ዘር መሬት ውስጥ ቆይቶ ነው። ሁለተኛው ግን ከራሱ ጎተራ ነው። ለዘር ብሎ ከመረጠው መልካም ዛላ ላይ ጥቂቱ ፍሬ አባቱ የዱር ማሽላ ሊሆን ይችላል። ያ ፍሬ ከወንድሞቹ አይለይም፤ ተዘርቶ ዛላ ካወጣ በኋላ ነው ማንነቱ የሚታወቀው።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ዘመን እየተዳቀሉ ሁለቱ ለምን አንድ ሆነው አልቀሩም? ይህን ጥያቄ በደንብ ከመለሱት መካከል በምሥራቅ ኡጋንዳ በሴሬሬ የምርምር ጣቢያ የሠራው ሂዩ ዶጌት አንዱ ነው። ዶጌት ከባልደረባው ከማጂሱ ጋር በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ ነገሩ ገመድ እንደ መጎተት ነው። ገበሬው በየዓመቱ ትልቅ ፍሬ ያለውንና የማይረግፈውን ይመርጣል፤ ተፈጥሮ ደግሞ ከማሳው ውጭ ትንሽ ፍሬ ያለውንና የሚረግፈውን ትመርጣለች። መሐሉ ላይ ያለው በሁለቱም ወገን ስለማይመረጥ በብዛት አይቆይም። ብናኙ ከዚህ ወደዚያ ሲመላለስ ሁለቱ ዳርቻዎች ግን እንደ ተለያዩ ይኖራሉ።

ሊቃውንቱ እንዴት ከፋፈሉት?

ለእንደነዚህ ዓይነት ሣሮች ስም ማውጣት ቀላል አይደለም። ታላቁ የስም አውጪ ካርል ሊኔየስ በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ ማሽላን ሆልከስ ከሚባል ሌላ የሣር ወገን ውስጥ አስገብቶት ነበር። ሞንክ የተባለው ጀርመናዊ በ1794 ለይቶ አወጣውና ሶርገም የሚባል የራሱን ወገን ሰጠው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዋናው ሰው ጆሴፍ ስኖውደን ነው። ስኖውደን በኡጋንዳ በመንግሥት የዕፅዋት ባለሙያነት ያገለገለ፣ የምሥራቅ አፍሪካን ሣር በእግሩ ተዘዋውሮ የተማረ ሰው ነበር። በ1936 ባሳተመው ታላቅ ሥራ የሚታረሰውን ማሽላ ብቻ 31 ዝርያ አድርጎ ከፈለው። የዱሮቹን ደግሞ ለብቻቸው ዘረዘረ። የዛላውን ቅርጽ፣ የቅርፊቱን ጠጉር፣ የፍሬውን ቀለም እያየ፣ ልዩነት ባገኘበት ሁሉ ስም ሰጠ። ሥራው እስከ ዛሬ የሚደነቅ ነው። ችግሩ ግን 31ዱም እርስ በርሳቸው ያለ ምንም እንቅፋት መዳቀላቸው ነው። ሁለት የስኖውደን ዝርያዎች አጠገብ ለአጠገብ ቢዘሩ በጥቂት ዓመት ውስጥ በመጽሐፉ ውስጥ ስም የሌለው ሦስተኛ ይወጣል።

በዚህ የተነሣ ጃክ ሃርላንና ያን ዴ ዌት የተባሉት ሁለት ሊቃውንት ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ያዙት። በ1971 ባሳተሙት ጽሑፍ የሰነዘሩት ጥያቄ «ምን ይመስላል?» ሳይሆን «ከማን ጋር ይወልዳል?» የሚል ነበር። በቀላሉ ተዳቅሎ የሚወልድ ሁሉ በአንድ ቤት ውስጥ ይቆጠር አሉ። በ1972 ደግሞ የሚታረሰውን ማሽላ ሁሉ በአምስት ዋና ዋና ምድብ ብቻ ጠቀለሉት፦ ባይከለር፣ ጊኒ፣ ኮዳተም፣ ካፊርና ዱራ። ሁለት ሁለቱ ሲዳቀሉ የሚወጡት መሐል ዘሮች አሥር ናቸው፤ ለእነሱም በሁለቱ ወላጆች ስም የሚጠራ ቦታ ሰጡ። ጠቅላላው አሥራ አምስት ሆነ። ስኖውደን ቦታ ያጣለት ድቅል በዚህ አከፋፈል የራሱ ረድፍ አለው። በአገራችን በብዛት የሚታወቁት ዱራ፣ ኮዳተም፣ ባይከለርና መሐል ዘሮቻቸው ናቸው።

ዴ ዌት በ1978 የዱሮቹንም ጨመረ። የለመደው፣ የዱሩና በመሐል የቆመው አረም ሁሉ አንድ ዝርያ ናቸው፤ ሦስት ንዑስ ዝርያዎች ይባሉ አለ። ለብቻው የቀረው ጆንሰን ሣር የሚባለውን የመሰለ ራቅ ያለ ዘመድ ነው። ጆንሰን ሣር ክሮሞዞሙ አርባ ነው፤ ከመሬት ሥር በሚሄድ ግንዱ ከዓመት ዓመት ይኖራል። ከማሽላ ጋር አልፎ አልፎ ቢዳቀልም እንደ ቅርቡ የዱር ማሽላ እንዲህ በቀላሉ አይሆንለትም።

ክርክሩ በዚህ አበቃ ማለት አይደለም። በ1982 የታተመው የትሮፒካል ምሥራቅ አፍሪካ ዕፅዋት መጽሐፍ የሣር ክፍል የዱሩን ማሽላ ራሱን የቻለ ዝርያ አድርጎ ነው የያዘው። ድቅሉንም በስሙ ፊት የማባዣ ምልክት አስቀምጦ ድቅል መሆኑን ያሳያል። ታዲያ የቱ ነው ትክክል? ሁለቱም ለየሥራቸው ትክክል ናቸው ብለን እናምናለን። እዚህ ናይሮቢ ባለው የምሥራቅ አፍሪካ የደረቁ ዕፅዋት ክምችት ወይም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ብሔራዊ ሐርበሪየም የሚሠራ ሰው አንድ የደረቀ ሣር ቀርቦለት ስም መስጠት አለበት፤ ለእሱ በዐይን የሚታይ ልዩነት ያስፈልገዋል። ዘር የሚያሻሽል ሰው ደግሞ የሚፈልገው የትኛው ከትኛው ጋር እንደሚወልድ ማወቅ ነው። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ላይ ይስማማሉ፦ መስመሩን ያሰመረው ሰው ነው፤ ሣሮቹ መስመሩን አያውቁትም።

ገበሬው እንዴት ይለያል?

ሊኔየስም ስኖውደንም ከመምጣታቸው በፊት ማሽላን ሲለይና ሲሰይም የኖረው ገበሬው ነው። ወተት በጉንጬ፣ ጅጉርቲ፣ ደጋሊት፣ ሙይራ፣ ፈንዲሻ፣ ዘንጋዳ የሚሉትን ስሞች እዚህ ካሉት አባቶችና እናቶች መካከል የሚያውቁ እንዳሉ እናምናለን። ሰሜን ሸዋና ደቡብ ወሎ ላይ ተሠርቶ በ1997 የታተመ ጥናት ገበሬዎች የሚሰጡትን ስም ሳይንቲስቶች ከሚለኩት ልዩነት ጋር አነጻጽሮ ነበር። ስሞቹ እንዲያው የተወረወሩ ሳይሆኑ በዛላው፣ በፍሬውና በአገዳው ልዩነት ላይ የቆሙ ሆነው ተገኝተዋል።

የገበሬው ስም ከመልክም ያልፋል። ወተት በጉንጬ የሚለውን ውሰዱ። ገና እሸት ሳለ ሲቆረጠም እንደ ወተት ይጣፍጣል ማለት ነው። በ1973 ሲንግና አክስቴል የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ማሽላ ሲመረምሩ ላይሲን በሚባለው የሰውነት ገንቢ ንጥረ ነገር እጅግ የበለጸጉ ሁለት ዓይነቶች አገኙ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ የሄዱ ነበሩ። በአገራቸው በወሎ ገበሬዎች እነዚህን የመሳሰሉትን ፍሬያቸው ሲደርቅ የሚጨማተትና ምርታቸው አነስ የሚል ዓይነቶች ከሌላው ማሽላ ጋር በጥቂቱ እየዘሩ፣ እሸቱን ጠብሰው እየበሉ ጠብቀዋቸው ኖረዋል። ላይሲን የሚለውን ቃል ማንም አልነገራቸውም። ምርትን ብቻ የሚመለከት ባለሙያ ቢመክራቸው ኖሮ ግን የተጨማተተውን ፍሬ ጣሉት ይላቸው ነበር።

ስሙ ምን ለውጥ ያመጣል?

«አረም» ያሉት ይነቀላል፤ «ዘር» ያሉት ይቀመጣል። ስለዚህ የስም ነገር የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ አይደለም።

የዱር ማሽላ ለገበሬው እውነተኛ ጠላት ነው። ማሳውን ይሻማል፤ ምርቱን ይቀንሳል፤ ዘሩን ያበላሻል። አረም ማጥፊያ መድኃኒትም አይረዳም፤ ማሽላን የማይጎዳ መድኃኒት ወንድሙንም አይጎዳውምና። ማንም ገበሬ ማሳው ውስጥ ይተወው አንልም። መነቀል አለበት፤ የሚሻለውም ዛላው ሳይበስል፣ ብናኙም ሳይበተን ነው። ለዘር የሚሆነውንም ከማሳው ዳር ሳይሆን ከመሐሉ መምረጥ ይጠቅማል፤ ዳሩ ለዱሩ ብናኝ ይቀርባልና።

በሌላ በኩል ግን ይህ ጠላት ሀብት ነው። ብዙዎቻችሁ አቀንጭራን ታውቃላችሁ። ወይን ጠጅ ወይም ቀይ አበባ ያለው፣ ሲያዩት የሚያምር፣ ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቆ የሚመጠው ተክል ነው። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ ከመሬት ውስጥ ብዙ ዓመት ይተኛል፤ የማሽላ ሥር የሚያወጣውን ንጥረ ነገር ሲያገኝ ነቅቶ ይበቅላል። በዚህ አረም ላይ ከዘመቱት ሰዎች መካከል የአገራችን ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ይገኛሉ። ፕሮፌሰር ገቢሳ በ1979 ሱዳን ውስጥ ሥራ ጀምረው በ1983 ሐጊን ዱራ አንድ የተባለውን ድርቅ የሚቋቋም ድቅል ማሽላ ለሱዳን ገበሬ አበረከቱ። በኋላም አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዓይነቶችን በማውጣት ደክመው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። እሳቸው የተሳተፉበትና በ2004 የታተመ ጥናት አቀንጭራን የመቋቋም ባሕርይ በማሽላ የዱር ዘመዶች ውስጥ እንደሚገኝ አሳይቷል። ከአገር ወጥቶ በጎረቤት አገር የሠራ ኢትዮጵያዊ ለሁለቱም አገሮች የጠቀመበት ሥራ ስለሆነ በዚህ በዓል ላይ ሳናነሣው ማለፍ አልፈለግንም።

ድርቅንም በተመለከተ እንዲሁ ነው። ዝናቡ በመጨረሻው ወቅት ሲቋረጥ ቅጠሉ ቶሎ የማይደርቅ፣ ለምለም ሆኖ ፍሬውን የሚሞላ ማሽላ አለ። በአሜሪካና በአውስትራልያ የማሽላ አሻሻዮች ለዚህ ባሕርይ ሲጠቀሙበት የኖሩት ዋናው ምንጭ ከኢትዮጵያ የሄደ የዱራ ምድብ ማሽላ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያቆይ ተቋም እንዲኖር በ1976 በአዲስ አበባ የዕፅዋት ዘር ማከማቻ ማእከል ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ነው። በቀዝቃዛ ክፍል የተቀመጠ ዘር ግን የሚጠቅመው ማንነቱ ከተጻፈ ብቻ ነው። ድቅሉን የለመደ ብሎ የመዘገበ፣ ወይም የዱሩን እንደ አረም ቆጥሮ ሳይሰበስብ ያለፈ ሠራተኛ ለሚቀጥለው ትውልድ በር ዘግቷል።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ አሳሳቢ ሆኗል። በ2008 በኢትዮጵያና በኒጀር ላይ የታተመ ጥናት የዱርና የለመደው ማሽላ ጎን ለጎን እንደሚበቅሉና የአበባቸውም ጊዜ እንደሚገናኝ አረጋግጧል። በኬንያም ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ነገር አግኝተዋል። እንግዲህ በላቦራቶሪ አዲስ ባሕርይ የተሰጠው ማሽላ በዚህ አካባቢ ቢዘራ ያ ባሕርይ ወደ ዱሩ እንደሚሻገር መጠበቅ አለበት። ባሕርዩ አረም ማጥፊያ መድኃኒትን መቋቋም ከሆነ፣ ነገ የዱር ማሽላውም ያንኑ መድኃኒት ይቋቋማል። ከዱሩ ወደ እህሉ የሚደረገው ጉዞም በተግባር ታይቷል፤ በአሜሪካ ካንሳስ ከተገኘ አረም ማሽላ መድኃኒት የመቋቋም ባሕርይ ተወስዶ በተለመደው መንገድ በማዳቀል ወደሚታረሰው ማሽላ ገብቷል። በሩ በሁለቱም በኩል ክፍት ነው። ውሳኔው የመንግሥታትና የገበሬዎች ነው፤ ነገር ግን ዘመዳሞቹን ሣሮች ለይቶ የሚያውቅ ሰው በሌለበት ውሳኔው በጭፍን ይሆናል።

ስለ አንድ ቃል

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ትንሽ እንበል። ሁለት የተለያዩ ወገኖች የወለዱትን በአማርኛ ዲቃላ እንላለን። ቃሉ ለሰው ሲነገር ስድብ ነው። በግብርና ሙያ ግን ድቅል ማለት ብርቱውና ብዙ የሚያፈራው ዘር ማለት ነው፤ ገበሬው ገንዘቡን ከፍሎ የሚገዛው እሱን ነው። የአንድ ቃል ሥር በአንድ አፍ ስድብ፣ በሌላው ምስጋና ሆኗል።

ሰውን በሣር አንመስልም፤ ከሣርም ለሰው ሕግ አናወጣም። ሆኖም በማኅበራችን ውስጥ አባታቸው ከአንድ አገር፣ እናታቸው ከሌላ አገር የሆኑ ልጆች በየዓመቱ እየበዙ መሄዳቸውን ሁላችንም እናያለን። በአባልነት ቅጻችን ላይ በየትኛው ረድፍ ይጻፉ የሚለው ጥያቄም በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ የሚነሣ ነው። ከሙያችን የተማርነውን ለመናገር ያህል፦ ስኖውደን ረድፍ አጥቶለት የነበረውን ሃርላንና ዴ ዌት ሁለቱን ወላጆች በመጻፍ ቦታ ሰጡት። መዝገቡ ከእውነቱ ሲጠብ የሚሰፋው መዝገቡ ነው። ቅጹን የምታዘጋጁ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ብታስቡበት ደስ ይለናል።

የምንጠይቃችሁ

ንግግራችንን በአንድ ጥያቄ እንዘጋለን።

በዕፅዋት ክምችት ውስጥ አንድ የደረቀ ሣር ዋጋ የሚኖረው አጠገቡ ያለችው ትንሽ ወረቀት ስትሞላ ነው። የት ተገኘ? በየትኛው ወር? ከጎኑ ምን ነበር? ሰዉ ምን ይለዋል? ለምን ይጠቀምበታል? ማን ሰበሰበው? ወረቀቷ ከጠፋች የቀረው ደረቅ ሣር ብቻ ነው። በተለይ እንደ ማሽላ ባሉ ተዳቃዮች ዘንድ መልክ ብቻውን አይበቃም፤ ታሪኩ ያስፈልጋል።

በመካከላችን ከወሎ፣ ከሐረርጌ፣ ከትግራይ፣ ከጎንደር፣ ከኮንሶ፣ ከወለጋና ከጋምቤላ የመጡ አባቶችና እናቶች አሉ። እያንዳንዳቸው በልጅነታቸው ያወቁትን የማሽላ ስም ይዘዋል። የትኛው ለእንጀራ እንደሚሆን፣ የትኛው ለጠላ፣ የትኛው በድርቅ ዓመት እንዳተረፋቸው፣ የትኛው አገዳው እንደሚጣፍጥ ያውቃሉ። ልጆቻቸው እዚህ ተወልደው ምታማ የሚለውን ብቻ ያውቃሉ። አንድ ስም የሚያውቀው የመጨረሻው ሰው ሲያልፍ አብሮት የሚያልፈው ቃል ብቻ አይደለም፤ ያንን ዘር ለምን እንደምንጠብቀው የሚነግረን ምክንያትም ነው።

ስለሆነም ከአዳራሹ መውጫ ላይ ባዶ ቅጽ አስቀምጠናል። ልጆች፣ ቅጹን ውሰዱና አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ አያት አጠገባችሁ ከሌሉ በስልክ ጠይቁ። የማሽላውን ስም፣ የመጣበትን ወረዳ፣ የዛላውን ቅርጽ፣ የፍሬውን ቀለም፣ የሚውልበትን ሥራ ጻፉ። ማሳው ውስጥ እያዩ የሚነቅሉት የዱር ማሽላም በአካባቢያቸው ስም ነበረው ወይ ብላችሁ አትርሱ፤ እሱን ማንም አይጠይቅም። ስሙን በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በሚያውቁት ቋንቋ ሁሉ ጻፉ። የተሰበሰበውን ቅጽ አስተካክለን ለማኅበራችን ቤተ መጻሕፍት አንድ ቅጂ እናስቀምጣለን፤ ሌላውን ቅጂ አዲስ አበባ ለሚገኘው ኢንስቲትዩት እንልካለን።

ወላጆችም የሚጠበቅባችሁ ጥቂት አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ ስትወጡ ልጆቻችሁን አስከትላችሁ ምታማ ከሚሸጡት ሴቶች ዘንድ ቁሙ። ነጩን፣ ቀዩንና ቡናማውን በእጃቸው ይያዙት፤ በየአገራችሁ ምን ይባል እንደነበርም እዚያው ንገሯቸው። ሻጮቹም የራሳቸው ስም አላቸው፤ እሱንም ጠይቃችሁ ጻፉት።